የሞቱ ከዋክብት እንዴት ይቀዘቅዛሉ?
(በራዲዮ የተነገረ)



ከወልዲያ ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድ ወደ ላሊበላ በሚታጠፍበት በጋሸና ደጋ የኅዳር ሌሊት ውርጩ ብርቱ ነው። በእንደዚህ ያለ አገር የቤት እመቤት ከመተኛቷ በፊት የምድጃውን ፍም በአመድ ትዳፍነዋለች፤ ጧት ተነሥታም አመዱን ገለጥ ስታደርግ ከሥሩ እሳት መቅረቱን ወይም አለመቅረቱን ታያለች። ፍሙ የወይራ እንደ ሆነ እስከ ንጋት ይቆያታል፤ የጭራሮ እንደ ሆነ ግን ሌሊቱ ሳይጋመስ አመድ ይሆናል። እንጨቱን ማታ ያላየ እንግዳ እንኳ ጧት ፍሙን ተመልክቶ ምን ዓይነት እንጨት እንደ ነደደ ሊገምት ይችላል። ነገር ግን ግምቱ እንዲሠምርለት አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል፤ ይኸውም እሳቱ በስንት ሰዓት እንደ ተዳፈነ ነው።

ዛሬ የምናገረው በሰማይ ስለ ተዳፈነ ፍም ነው። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ነዳጃቸውን ጨርሰው የሞቱ፣ ይሁን እንጂ ገና ያልቀዘቀዙ ከዋክብትን ሙቀት እየለኩ ውስጣቸው ከምን እንደ ተሠራ ለማወቅ ይጥራሉ። ወደ እነዚያ ከዋክብት ሄዶ ቆፍሮ ማየት ለሰው ልጅ የሚቻል ነገር አይደለምና፣ ሙቀታቸው በምን ፍጥነት እንደሚቀንስ ማጥናት ከቀሩት ጥቂት መንገዶች አንዱ ነው።

ኮከብ በሕይወት ሳለ እንደ ደመወዝተኛ ነው። በማዕከሉ ሃይድሮጅን ተዋሕዶ ሂሊየም ሲሆን ኀይል ይወጣል፤ ያም ኀይል በብርሃን መልክ ወደ ውጭ የሚሄደውን ወጪ ዘወትር ይተካለታል። ነዳጁ ሲያልቅ ገቢው ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮው ከጡረተኛ ኑሮ እንኳ የባሰ ነው፤ ጡረተኛ በየወሩ የሚቀበለው አበል ሲኖረው፣ የሞተ ኮከብ ግን የሚኖረው ያጠራቀመውን ሙቀት እየመነዘረ ብቻ ነው። እንግዲህ ሊቃውንቱ የሚሠሩት ሥራ የሒሳብ መርማሪ ሥራ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም። ካዝናው ውስጥ ምን ያህል ነበረ፣ ዛሬ ምን ያህል ቀረ፣ የጐደለው በየትኛው በር ወጣ ብለው ይጠይቃሉ።

እንደ ፀሐያችን ያለ ኮከብ ሲሞት የሚተወው ሬሳ ነጭ ድንክ ይባላል፤ ስፋቱ የመሬታችንን ያህል ሲሆን ክብደቱ ግን ከፀሐይ ክብደት ጋር የሚቀራረብ ነው። ከዚህ እጅግ የከበደ ኮከብ ሲሞት ደግሞ ማዕከሉ በራሱ ክብደት ተደርምሶ የኒውትሮን ኮከብ ይሆናል። የኒውትሮን ኮከብ ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በጋሸናና በላሊበላ ከተማ መካከል ቢያስቀምጡት ቦታ ይተርፈዋል፤ ክብደቱ ግን የመሬታችንን ክብደት 460 ሺህ ጊዜ ያህል ይሆናል። ከዚያ ኮከብ በሻይ ማንኪያ የሚጨለፍ ነገር ከአንድ ቢሊዮን ቶን በላይ ይመዝናል። ይህን ያህል በተጨመቀ ቦታ ውስጥ ቁስ አካል ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚኖረው በምድር ላይ ባለ የምርምር ቤት ሠርቶ ማየት አይቻልም።

የኒውትሮን ኮከብ ሲወለድ የውስጥ ሙቀቱ አንድ መቶ ቢሊዮን ዲግሪ ይደርሳል። ይህን ሙቀት የሚያወጣው በብርሃን አይመስላችሁ፤ ብርሃን ከእንዲህ ያለ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ውስጥ በቶሎ ሊወጣ አይችልም። የሚያወጡት ኒውትሪኖ የተባሉት እጅግ ረቂቅ ቅንጣቶች ናቸው። ኒውትሪኖ ግድግዳ የማይዘው ነገር ነው፤ በአሁኑ ሰዓት እንኳ ከፀሐይ የመጡ 60 ቢሊዮን ያህል ኒውትሪኖዎች በየሴኮንዱ በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ውስጥ እያለፉ ነው፤ እናንተም አልተሰማችሁም። ይህ ነገር የወረቀት ላይ ግምት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የካቲት 16 ቀን 1979 ዓ.ም. ምስክር ተገኘለት። በዚያን ዕለት ከ160 ሺህ የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ የሚገኝ አንድ ታላቅ ኮከብ የመፈንዳቱ ምልክት ወደ ምድር ደረሰ፤ በጃፓን፣ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት ከምድር በታች የተቀመጡ መሣሪያዎችም በ13 ሴኮንድ ያህል ጊዜ ውስጥ በድምሩ 24 ያህል ኒውትሪኖዎችን ያዙ። ቁጥሩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ኮከብ ሲወለድ ሙቀቱን ሲያፈስ የሰው ልጅ በቀጥታ ያየበት ጊዜ ይህ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር ከለመድነው የተገላቢጦሽ ነው። ድፎ ዳቦ ከምጣድ ሲወጣ ቅርፊቱ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ልቡ ግን ለረዥም ጊዜ ይሞቃል። ወጣት የኒውትሮን ኮከብ ግን ልቡ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ምክንያቱም ኒውትሪኖዎቹ በብዛት የሚፈጠሩት በማዕከሉ ነው፤ ከተፈጠሩም በኋላ ቅርፊቱን አቋርጠው ለመውጣት ማንንም ፈቃድ አይጠይቁም። ስለዚህ ከአምሳ እስከ መቶ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ልቡ ከቅርፊቱ ይልቅ የቀዘቀዘ ሆኖ ይቆያል። ቅዝቃዜው ቀስ በቀስ ወደ ላይ ደርሶ ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ውስጡ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቈጠር ዲግሪ ሲሞቅ፣ ገጹ ግን አንድ ወይም ሁለት ሚሊዮን ዲግሪ ብቻ ይሆናል። በመካከላቸው ያለው ስስ ልባስ ደገኛው ሌሊት እንደሚደርበው ጋቢ ሙቀቱን ይዞ ያቆየዋል። አንድ መቶ ሺህ ዓመት ያህል እስኪሞላ ድረስ ዋናው ወጪ በኒውትሪኖ በር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያ በር ይዘጋና ከገጹ የሚወጣው ጨረር ዋናው ወጪ ይሆናል።

ታዲያ የኒውትሪኖው በር ምን ያህል ሰፊ ነው? ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጆርጅ ጋሞቭ የተባለው ሊቅና ብራዚላዊው ማሪዮ ሾንበርግ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1941 ስለ አንድ ሙቀት የሚያጠፋ ሂደት ጻፉ። (ከዚህ በኋላ የእኛ አቆጣጠር ነው ካላልኩ በቀር የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች ናቸው።) ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ይለወጥና ኤሌክትሮንና ኒውትሪኖ ይተፋል፤ ፕሮቶኑ ደግሞ ኤሌክትሮኑን መልሶ ይውጥና እንደ ገና ኒውትሮን ይሆናል፤ ሌላ ኒውትሪኖም ይወጣል። ንግዱ ሲፈጸም ዕቃው እንደ ነበረ ነው፤ ካዝናው ግን ጐድሏል። ሁለቱ ሰዎች ለዚህ ሂደት ስም ሲፈልጉ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ ዑርካ በሚባለው ሰፈር የነበረው የቁማር ቤት ትዝ አላቸው፤ ቁማርተኛው ገንዘብ እንዴት እንደ ጠፋ ሳያውቅ ባዶ እጁን የሚወጣበት ቤት ነበርና። እነሆ ዛሬም ድረስ ሂደቱ ዑርካ ተብሎ ይጠራል። ሳይንስ ከቁማር ቤት ስም መዋሱ የሚያስነቅፈው አይመስለኝም፤ ነገሩን በሚገባ ይገልጸዋልና።

ይሁን እንጂ ይህ ፈጣን መንገድ በሁሉም ኮከብ ውስጥ አይከፈትም። በ1991 ሊቃውንት እንዳመለከቱት በማዕከሉ ካሉት ቅንጣቶች ከዘጠኝ አንዱ ያህል ፕሮቶን መሆን አለበት። ከዚያ ያነሰ እንደ ሆነ ግን ሂደቱ ያለ ዋስ አይፈጸምም፤ በአጠገቡ የሚያልፍ ሌላ ቅንጣት ገብቶ ሒሳቡን ማስተካከል ይኖርበታል። ዋስ የሚጠየቅበት ጉዳይ ምን ያህል እንደሚዘገይ በየመሥሪያ ቤቱ የምትሠሩ ሁሉ ታውቁታላችሁ። በዚህም ኮከብ ቅዝቃዜው በሚሊዮን እጥፍ የሚቈጠር መዘግየት ያገኘዋል። እንግዲህ ዕድሜው እየታወቀ ከሚጠበቀው በላይ የቀዘቀዘ ኮከብ ከተገኘ፣ በውስጡ ፈጣኑ በር ተከፍቷል ማለት ነው፤ ወይም በማዕከሉ ከኒውትሮን የተለየ እንግዳ ነገር አለ ማለት ነው።

ዕድሜው እየታወቀ ያልኩትን ልብ በሉልኝ። የዳፈኑበት ሰዓት ካልታወቀ ፍሙ ምንም አይነግረንም። ለከዋክብት ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀት የሚሰጥ ማዘጋጃ ቤት የለም፤ ያሉን የጥንት ሰዎች የጻፉት ብቻ ነው። በዚህም ነገር ላስታን የሚያነሣ አንድ ታሪክ አለ።

የንጉሥ ላሊበላ ዘመነ መንግሥት በብዙ መጻሕፍት ከ1181 እስከ 1221 ድረስ ተደርጎ ይጻፋል። በዚያው በ1181 በነሐሴ ወር፣ በእኛ አቆጣጠር በ1173 ዓ.ም. ክረምት መሆኑ ነው፣ የቻይናና የጃፓን ሰማይ ጠባቂዎች ቀድሞ ያልነበረ እንግዳ ኮከብ ካሲዮፔያ በተባሉት ከዋክብት አጠገብ እንደ ታየ መዘገቡ። 185 ቀን ያህል ታይቶ ጠፋ። ነሐሴ በላስታ የደመናና የጉም ወር ነው፤ ነገር ግን እንግዳው ኮከብ እስከ የካቲት ስለ ቆየ የጥቅምትና የኅዳር ጥርት ያለው ሰማይ ደርሶለታል፤ ቦታውም ከላስታ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው ከአድማስ በላይ 35 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል።

በዚያው አቅጣጫ 3ሲ58 የተባለ የጋዝ ደመና አለ፤ በውስጡም በሴኮንድ 15 ጊዜ የሚዞር የኒውትሮን ኮከብ ይገኛል። የ1181ዱ እንግዳ የዚህ ኮከብ ልደት ነው ተብሎ ለብዙ ጊዜ ይታመን ነበር። በ2002 ቻንድራ በተባለው ሳተላይት ሙቀቱን ቢለኩት የገጹ ሙቀት ከአንድ ሚሊዮን ዲግሪ በታች ሆኖ ተገኘ። ለስምንት መቶ ዓመት ጨቅላ ይህ እጅግ ቀዝቃዛ ነው! ወዲያውም ፈጣኑ በር ተከፍቷል፣ ምናልባትም በልቡ እንግዳ ነገር አለ ተባለ።

በኋላ ግን የልደት ወረቀቱ ራሱ ተጠረጠረ። የደመናው ክሮች የሚሰፉበት ፍጥነት ሲለካ ዕድሜው በብዙ ሺህ ዓመት የሚቈጠር ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። በ2013 ደግሞ አንድ ሥራው ያልሆነ፣ በፍቅር ብቻ ሰማይን የሚመረምር ሰው በዚያው በካሲዮፔያ ሌላ ደመና አገኘ፤ ስሙም ፓ 30 ተባለ። በ2021 የወጣ ጥናት የ1181 እንግዳ ኮከብ ትክክለኛ ቅሪት ይህ ነው አለ፤ ብዙዎችም ተቀበሉት። በመካከሉ ያለው ኮከብ የኒውትሮን ኮከብ አይደለም፤ ሁለት ነጭ ድንኮች ተጋጭተው ከተዋሐዱ በኋላ ሳይጠፋ የቀረ እንግዳ ፍጡር ነው ተብሎ ይታሰባል። የገጹ ሙቀት 200 ሺህ ዲግሪ ያህል ሲሆን ከእርሱ የሚነፍሰው ጋዝ በሴኮንድ 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሮጣል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከተፈለፈሉበት ዘመን ጋር የሚቀራረብ ዕድሜ ያለው ይህ ኮከብ ገና አልረጋም።

እንግዲህ የልደት ወረቀቱ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ተዛወረ። ታዲያ የ3ሲ58 ቅዝቃዜ ትርጉም አጣ ማለት ነው? አይደለም። በ2024 በወጣ ጥናት እርሱና ሌሎች ሁለት የኒውትሮን ከዋክብት እንደ ገና ተመረመሩ፤ ዕድሜው አምስት ሺህ ዓመት ያህል ነው ቢባል እንኳ ሦስቱም ለዕድሜያቸው በጣም ስለ ቀዘቀዙ ያለ ፈጣን በር ሊገለጡ እንደማይችሉ ታወቀ። በእኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ከጥንት የተጻፈ አንድ መስመር በዛሬው ፊዚክስ ላይ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያል።

በካሲዮፔያ አካባቢ ሌላም የሚጠቀስ አለ፤ ካሲዮፔያ ኤ ይባላል። ከ11 ሺህ የብርሃን ዓመት ርቀት የሚታይ ሲሆን ዕድሜው በምናየው ብርሃን ቢቈጠር 350 ዓመት ያህል ነው። ቻንድራ በ1999 ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ከተመለከታቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ በመካከሉም የኒውትሮን ኮከቡን አገኘ። በ2010 ሁለት ተመራማሪዎች የአሥር ዓመቱን መዝገብ አገላብጠው፣ ገጹ ሁለት ሚሊዮን ዲግሪ ያህል የሆነው ይህ ኮከብ በአሥር ዓመት ውስጥ ከመቶ አራት ያህል ቀዝቅዟል ብለው አስታወቁ። የአንድ የኒውትሮን ኮከብ ቅዝቃዜ ሰው በዕድሜው ቁጭ ብሎ ሲያየው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ምክንያቱ ተብሎ የተሰጠውም ይህ ነው፤ በልቡ ያሉት ኒውትሮኖች ሙቀቱ ከ900 ሚሊዮን ዲግሪ በታች ሲወርድ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጣምረው ያለ ምንም ሰበቃ የሚፈስ ፈሳሽ ይሆናሉ፤ በሚጣመሩበትም ጊዜ ብዙ ኒውትሪኖ ይለቃሉ። እውነቱን ለመናገር ክርክሩ አልተዘጋም። የሳተላይቱ መሣሪያ በዘመን ብዛት ስለ ተለወጠ ከቅዝቃዜው አንዱ ክፍል የኮከቡ ሳይሆን የመሣሪያው ነው የሚሉ አሉ፤ በኋላ የተሠሩት ልኬቶችም ቅናሹን አሳንሰውታል።

ከኒውትሮን የባሰ ጥቅጥቅ ያለ ኮከብ ይኖር ይሆን? ኒውትሮን ራሱ ኳርክ ከተባሉ ሦስት ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ጭነቱ ሲበዛ ኒውትሮኖቹ ፈርሰው ኮከቡ በሙሉ የኳርክ ገንፎ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ ካለ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ነገር ኒውትሪኖን በቀላሉ ስለሚያወጣ በቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ኳርኮቹ ተጣምረው ከተገኙ ግን በሩ መልሶ ይዘጋል። በ2002፣ የ3ሲ58 ወሬ በወጣበት በዚያው ቀን፣ ከእኛ 400 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቅ በደቡብ ሰማይ ያለ አንድ ኮከብ ኳርክ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ታወጀ። ሙቀቱ 700 ሺህ ዲግሪ ያህል ነበር፤ ከሙቀቱና ከድምቀቱ የተሰላው ስፋት ለኒውትሮን ኮከብ እጅግ ጠባብ ሆኖ በመገኘቱ ነው። ነገር ግን ያ ልኬት የያዘው ትኩሱን የገጹን ክፍል ብቻ ነበር፤ በዐይን ከሚታየው ብርሃን ወገን ሲመረመር ቀዝቀዝ ያለ ሰፊ ገጽ እንዳለው ተገለጠ፤ የኳርክ ኮከብነቱም ወሬ ላላ። ከአንድ መስኮት ብቻ ቤት ተመልክቶ የክፍሎቹን ቁጥር መናገር እንደማይገባ ያህል ነው።

አንዳንድ ሙታን ደግሞ ስውር ገቢ አላቸው። በ2001 አንድ የኒውትሮን ኮከብ ከጐረቤቱ ኮከብ ከ12 ዓመት በላይ ሲጐርስ የነበረውን ጋዝ አቆመ፤ ከዚያም እንደ ተነሣ ምጣድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲቀዘቅዝ ታየ፤ ከቅዝቃዜውም ፍጥነት ቅርፊቱ ሙቀትን በደንብ የሚያስተላልፍ ጥሩ ክሪስታል መሆኑ ታወቀ። በቢሊዮን የሚቈጠር ዕድሜ ኖሯቸው ፈጽሞ ሊቀዘቅዙ ሲገባቸው አንድ መቶ ሺህ ዲግሪ ያህል ሞቀው የተገኙም አሉ፤ መዞራቸው እየዘገየ ሲሄድ በውስጣቸው የሚነሣ ሰበቃ ያሞቃቸዋል ተብሎ ይጠረጠራል።

ነጭ ድንኮች ከእነዚህ ይልቅ ጠባያቸው የረጋ ነው። በጥር ምሽት ከሁሉ ደምቆ የሚታየው ሲሪየስ በ1862 የታየለት ጓደኛ ነጭ ድንክ ሲሆን ገጹ 25 ሺህ ዲግሪ ያህል ይሞቃል። የነጭ ድንክ ቅዝቃዜ እጅግ ዝግ ያለ ስለ ሆነ ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ሊቃውንት በ1987 በአካባቢያችን ያሉትን ከሁሉ የቀዘቀዙትን ለይተው የኛ የከዋክብት ጐዳና ገበታ ዕድሜ ዘጠኝ ቢሊዮን ዓመት ያህል ነው ብለው ገመቱ። በ2019 ግን በጋያ ሳተላይት 15 ሺህ ያህል ነጭ ድንኮች ተመርምረው፣ ከዕድሜያቸው በአንዱ ዘመን ላይ ቅዝቃዜው እንደሚዘገይ ታየ። ውሃ ሲረጋ የተደበቀ ሙቀት እንደሚለቅ ሁሉ የነጭ ድንክም ውስጥ ወደ ጠጣር ክሪስታል ሲለወጥ ሙቀት ይለቃልና። ስለዚህ ሰዓቱ መታረም አስፈለገው። ፀሐያችንም ከአምስት ቢሊዮን ዓመት በኋላ ወደዚህ ወገን ትገባለች።

ይህ ሁሉ ለእኛ አገር ምን ያገባዋል የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። በእንጦጦ ተራራ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ነገር ግን ከሥራቸው ያለው የአዲስ አበባ መብራት ደካማ ከዋክብትን ይጋርዳል። ስለዚህም ከከተማ ብርሃን በራቁት በላሊበላ አካባቢ ተራሮች ላይ የበለጠ ኀይል ያለው መመልከቻ ለማቋቋም ሲታሰብ ቆይቷል። በዚያ አገር የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ነገሩን ማጋነን አልወድም፤ የኒውትሮን ኮከብን ሙቀት የሚያሳየው ጨረር ሐኪም ቤት ራጅ የምንለው ዓይነት ስለ ሆነ፣ አየር ያግደዋልና ከየትኛውም ተራራ ላይ ሊለካ አይችልም፤ ለዚያ ሳተላይት ያስፈልጋል። ነጭ ድንኮችን፣ የፓ 30 ዓይነቱን ኮከብና የቅሪት ደመናዎችን መስፋት ግን ከተራራ ላይ በሚገባ መከታተል ይቻላል። ላስታ ደግሞ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ብቻ ስላለች ሁለቱም ሰማይ ይታያታል። በአውሮፓ ምድር ያሉ ቴሌስኮፖች በእኛ አቆጣጠር የ1979ኙን ፍንዳታ ቦታ ፈጽሞ አያዩትም፤ ከላስታ ግን በደቡብ አድማስ ላይ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ካሲዮፔያም በሰሜን በኩል ይወጣል።

ከእናንተ መካከል ለሥራም ሆነ ለጒዞ በኅዳር ወር ወደዚያ የሚወጣ ቢኖር፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ፊቱን ወደ ሰሜን ይመልስ። ከአድማስ በላይ ካለው ሰማይ ከግማሽ ዝቅ ብለው ንጉሡ ሠ ተገልብጦ የተጻፈ የሚመስሉ አምስት ከዋክብት ያገኛል። ካሲዮፔያ እነርሱ ናቸው። ፓ 30ም፣ 3ሲ58ም፣ ካሲዮፔያ ኤም በዚያው አካባቢ ናቸው፤ በዐይን ብቻ ግን አንዳቸውም አይታዩም።